አይጥ ስለ አባቶቻችን አጥንት የምትሰጠው ምስክርነት

«የሰው በሽታ በአይጥና በውሻ ላይ ቢመረመር ለሰው ምን ይረባዋል?» የሚል ጥያቄ ደጋግሞ ይደርሰናል። ጥያቄው የሚናቅ አይደለም፤ በየአገሩ ያሉ የሕክምና ሊቃውንት ራሳቸው እስከ ዛሬ ድረስ የሚከራከሩበት ነገር ነው። አንዳንዱ ሰው በእንስሳ ላይ የታየውን ፈውስ በጋዜጣ ሲያነብ መድኃኒቱ ነገ በየመድኃኒት ቤቱ የሚሸጥ ይመስለዋል። ሌላው ደግሞ ይህ ሁሉ ድካም ከንቱ ነው፥ እንስሳቱንም ያለ በደላቸው ማሠቃየት ነው ይላል። ሁለቱም ወገኖች ከእውነቱ ጥቂት ጥቂት ይዘዋል። ነገሩን በደምሳሳው ከመከራከር ይልቅ አንድ በሽታ ነጥሎ መመልከት ይሻላልና፥ በዛሬው ጽሑፋችን የፕሮስቴት ነቀርሳ ወደ አጥንት የሚዛመትበትን መንገድ ለማወቅ ሊቃውንት በእንስሳት ላይ ያደረጉትን ምርመራ እንተርካለን።

ይህን በሽታ የመረጥንበት ምክንያት ሁለት ነው። አንደኛው፥ በሽታው የአባቶቻችንንና የአያቶቻችንን ወገብ የሚሰብር ሆኖ ሳለ በቤተ ሰብ መካከል ስሙን ለማንሣት ስለሚታፈር ነው። ሁለተኛው፥ የእንስሳት ምርመራ ያስገኘው ጥቅምም ያደረሰው መሳሳትም በዚህ በሽታ ታሪክ ውስጥ ጐን ለጐን ስለሚታይ ነው። ነቀርሳ ስንል ካንሰር የሚባለውን በሽታ ማለታችን እንጂ የሳንባ ነቀርሳ የተባለውን ተላላፊ በሽታ ማለታችን እንዳልሆነ፥ ዓመታቱንም የምንቈጥረው በአውሮጳውያን አቈጣጠር መሆኑን አስቀድመን ለአንባብያን እናስታውቃለን።

የበሽታው ጠባይ

ፕሮስቴት ወንዶች ብቻ ያላቸው ዕጢ ነው። ከሽንት ፊኛ በታች ተቀምጦ የሽንቱን ቧንቧ እንደ ቀለበት ከቦ ይይዛል። በጐልማሳነት ዘመን መጠኑ ከትንሽ ሎሚ አይበልጥም፤ ሥራውም ከዘር ጋር የሚቀላቀለውን ፈሳሽ ማመንጨት ነው። ዕድሜ ሲገፋ በብዙ ወንዶች ላይ ዕጢው እየተለቀ ሽንት ያውካል። ይህ ብቻውን ነቀርሳ አይደለም። በአንዳንዶቹ ላይ ግን የዕጢው ሕዋሳት ልክና ሥርዐት አጥተው መራባት ይጀምራሉ፤ የፕሮስቴት ነቀርሳ የሚባለውም ይህ ነው። በ1853 አዳምስ የተባሉ የለንደን ሐኪም ይህን በሽታ በማይክሮስኮፕ አይተው ሲገልጹት እጅግ የማያጋጥም ደዌ ነው ብለውት ነበር። ዛሬ ግን የሰው ዕድሜ ስለ ረዘመና የመመርመሪያው መሣሪያ ስለ በዛ፥ በዓለም ወንዶችን ከሚያጠቁት የነቀርሳ ዐይነቶች መካከል በብዛቱ ሁለተኛውን ስፍራ ይዟል።

በሽታው በዕጢው ውስጥ ተወስኖ ሳለ ቢገኝ በቀዶ ሕክምና ወይም በጨረር ሊድን ይችላል። ችግሩ የሚጠነክረው ከስፍራው ወጥቶ ሲዛመት ነው። በሚዛመትበትም ጊዜ ከሌላው አካል ሁሉ አጥንትን ያስበልጣል፤ ከአጥንትም የጀርባ አከርካሪን፥ ዳሌን፥ ጐድንንና ጭንን። ሬክሊንግሃውዘን የተባሉት ጀርመናዊ ሊቅ ይህን በ1891 ሲገልጹ ልዩ ጠባዩን አስታውቀዋል። ብዙዎቹ ነቀርሳዎች አጥንትን ሲበሉና ሲቦረቡሩ፥ የፕሮስቴት ነቀርሳ ግን አብዛኛውን ጊዜ በአጥንት ላይ ሌላ አጥንት ያስገነባል። ሆኖም አዲሱ አጥንት መሠረትና ማገር እንደሌለው ቤት ነው፤ ይወፍራል እንጂ አይጠነክርም። ስለዚህ ያማል፥ ይሰበራልም። አከርካሪው ሲናድ ኅብለ ሰረሰርን ተጭኖ እግርን ሽባ ሊያደርግ ይችላል።

ዘሩ ነው ወይስ መንገዱ?

ነቀርሳው አጥንትን የሚመርጠው ስለ ምንድን ነው? በዚህ ጥያቄ ላይ ሁለት ዐሳቦች ቀርበዋል። በ1889 ስቲቨን ፓጄት የተባሉ እንግሊዛዊ ሐኪም በጡት ነቀርሳ የሞቱ የ735 ሴቶችን መዝገብ መርምረው፥ በሽታው ወደ ሌላ አካል የሚሄደው እንዲያው በአጋጣሚ አለመሆኑን ተገነዘቡ። የነቀርሳውን ሕዋስ በዘር፥ የሚያርፍበትን አካል በመሬት መሰሉት። የእኛ አገር ገበሬ ይህን ለመረዳት ሊቅ መሆን አያሻውም። ከአንድ ቁና የተዘራ ጤፍ በመረሬው ላይ ሲያዘረዝር በድንጋያማው ላይ ይጫጫል፤ ጥፋቱም የዘሩ ብቻ አይደለም።

በ1940 ደግሞ ኦስካር ባትሰን የተባሉት የፊላደልፊያ የአካል ጥናት መምህር ስለ መንገዱ አንድ ነገር ገለጡ። በራጅ የሚታይ ፈሳሽ በሬሳና በሕያው ጦጣ የደም ሥር ውስጥ እየሰደዱ ሲመለከቱ፥ ከዳሌ ውስጥ የሚመለሰው ደም ሁሉ በቀጥታ ወደ ልብ እንደማይሄድ አዩ። በአከርካሪው ዙሪያ መዝጊያ የሌላቸው ብዙ ደም ሥሮች እንደ መረብ ተጠላልፈው ይገኛሉ። ሆድ በሚጨመቅበት ጊዜ፥ ለምሳሌ ሰው ሲያስልና ሲያምጥ፥ የዳሌው ደም ወደዚህ መረብ ይገባል። እንግዲህ የፕሮስቴት ነቀርሳ ሕዋስ ወደ አከርካሪ የሚደርሰው መሬቱ ስለ ተስማማው ሳይሆን መንገዱ ወደዚያ ስለሚያመራ ሊሆን ይችላል ማለት ነው።

ከሁለቱ የትኛው እውነት እንደሆነ ሬሳ በመመርመር ብቻ ሊታወቅ አይችልም። ሬሳ በሽታው የደረሰበትን ያሳያል፤ የተጓዘበትን ግን አይናገርም። ሕያውን ሕመምተኛ ደግሞ በየሳምንቱ አጥንቱን እየከፈቱ መመልከት አይቻልም። እንስሳው አስፈላጊ የሆነው እዚህ ላይ ነው።

የውሻው ትምህርት

ለመጀመሪያ ጊዜ ታላቅ ጥቅም የሰጠው እንስሳ ውሻ ነው። ከሰው ጋር ከሚኖሩት እንስሳት መካከል በእርጅናው ጊዜ ፕሮስቴቱ እንደ ሰው የሚተልቅ፥ አልፎ አልፎም በራሱ ጊዜ በፕሮስቴት ነቀርሳ የሚያዝ ውሻ ነው። በካናዳ ተወልደው በቺካጎ ዩኒቨርሲቲ ያስተምሩ የነበሩት ዶክተር ቻርልስ ሃጊንስ በ1939 የውሻን ፕሮስቴት ከሽንት ፊኛው ለይተው፥ ዕጢው የሚያመነጨውን ፈሳሽ ብቻውን እያጠራቀሙ የሚለኩበት ዘዴ አበጁ። በዚህም ዘዴ ውሻው ሲኰላሽ ፈሳሹ እንደሚቋረጥና ዕጢው እንደሚኰማተር፥ የወንድነት ሆርሞን ሲሰጠው ተመልሶ እንደሚያብብ፥ የሴት ሆርሞን ሲሰጠው እንደገና እንደሚደክም አረጋገጡ።

ከዚህ በፊት በ1938 በኒውዮርክ አሌክሳንደርና ኤተል ጉትማን የተባሉ ባልና ሚስት ተመራማሪዎች፥ የፕሮስቴት ነቀርሳ ወደ አጥንት በተዛመተባቸው ሰዎች ደም ውስጥ አሲድ ፎስፋቴዝ የተባለው ኢንዛይም ከፍ እንደሚል ገልጸው ነበር። ሃጊንስ ሁለቱን ዕውቀቶች አገናኙ። በ1941 ከክላረንስ ሆጅስ ጋር ሆነው፥ በሽታው ለተዛመተባቸው ሰዎች የዘር ፍሬያቸውን በማውጣት ወይም የሴት ሆርሞን በመስጠት በደማቸው ውስጥ ያለው ኢንዛይም እንደሚወርድ አሳዩ። በአጥንት ሕመም ከአልጋ ውለው ከነበሩት መካከል ሕመሙ የቀለላቸው ብዙዎች ነበሩ። ለዚህ ሥራቸው በ1966 የኖቤልን ሽልማት ተቀበሉ። ከዚያ ወዲህ መድኃኒቱ በዐይነት ቢሻሻልም፥ የወንድነትን ሆርሞን መከልከል ለተዛመተው የፕሮስቴት ነቀርሳ ዋናው ሕክምና እንደሆነ ኖሯል። ነገር ግን ፈውሱ ዘላቂ አይደለም። ከጊዜ በኋላ ነቀርሳው ያለ ሆርሞን መኖርን ተለማምዶ እንደገና ይነሣል።

እዚህ ላይ አንባቢው በጥሞና ሊያስተውለው የሚገባ ነገር አለ። ሃጊንስን ወደ እውነት የመራቸው ጤናማው የውሻ ዕጢ ነበር። የውሻው ነቀርሳ ግን ጠባዩ ሌላ ነው። የተኰላሸ ውሻ እንኳ በፕሮስቴት ነቀርሳ ይያዛል፤ እንዲያውም ካልተኰላሸው ይልቅ የሚያዝበት ጊዜ ይበዛል። ስለዚህ አንድ ሊቅ የውሻን ነቀርሳ ብቻ ተመልክቶ ለሰው ቢፈርድ ኖሮ «ሆርሞን ከዚህ በሽታ ጋር ግንኙነት የለውም» ብሎ የብዙ ሺሕ ሰዎችን እፎይታ በከለከለ ነበር። አንዱ እንስሳ በአንዱ ጥያቄ እውነተኛ ምስክር ሆኖ ሳለ፥ በሌላው ጥያቄ ሊያሳስት ይችላል።

አይጠ መጎጥና ራቁቷ አይጥ

ውሻ ትልቅ ነው፤ ዕድሜው ረዥም ነው፤ ቀለቡም ብዙ ነው። የበሽታውን አካሄድ በየደረጃው ለማጥናት ትንሽና ቶሎ የሚራባ እንስሳ ያስፈልጋል። በ1961 በአሜሪካ ዊልሄልሚና ደኒንግ የተባሉት ተመራማሪ ኮፐንሃገን ከሚባለው ዘር በሆነ አንድ ያረጀ አይጠ መጎጥ ላይ በራሱ የወጣ የፕሮስቴት ዕባጭ አገኙ። ዕባጩን ከአንዱ ወደ ሌላው እየነቀሉ በመትከል ለብዙ ዓመታት አቈዩት። ከዚያ ከአንድ ዕባጭ ቀርፋፋውም ፈጣኑም፥ ወደ ሳንባ የሚሮጠውም ባለበት የሚቀረውም ልዩ ልዩ ዘር ተገኘ። ወደ አጥንት ግን በራሱ ብዙ አይሄድም ነበር። በ1990 ገደማ የሆላንድ ተመራማሪዎች በአይጠ መጎጡ ጅራት የደም ሥር ሕዋሳቱን ሲሰዱ ወደ ልብ የሚወስደውን ትልቁን ደም ሥር ለጊዜው አነቁት፤ ደሙም ባትሰን ባመለከቱት መንገድ ወደ አከርካሪ ዞረ። ዕባጩም በወገብ አጥንት ላይ ወጣ። ስለ መንገዱ የተነገረው እንዲህ ድጋፍ አገኘ።

ይሁን እንጂ የአይጠ መጎጥ ነቀርሳ የአይጠ መጎጥ ነው። የሰውን ነቀርሳ በእንስሳ ውስጥ ለማብቀል ደግሞ የእንስሳው መከላከያ ኃይል እንግዳውን አይቀበልም። ይህን ዕንቅፋት ያስወገደው አንድ ያልታሰበ ነገር ነው። በ1962 በስኮትላንድ በግላስጎ ከተማ ጠጕር የሌላቸው አይጦች ተወለዱ። ከጥቂት ዓመታት በኋላ፥ በ1968፥ እነዚህ አይጦች ከጠጕሩ ሌላ ታይመስ የሚባለው፥ ከደረት አጥንት በስተ ኋላ ሆኖ የሰውነትን ወታደሮች የሚያሠለጥነው ዕጢ እንደሌላቸው ተገለጠ። በ1969 ሪጎርድና ፖቭልሰን የተባሉ የዴንማርክ ሊቃውንት በእነዚህ አይጦች ውስጥ የሰውን ነቀርሳ ተክለው አበቀሉ። በ1983 ደግሞ በፊላደልፊያ የመከላከያ ኃይላቸው ከእነዚህም ይልቅ የጐደለ አይጦች ተገኙ። ከዚህ ወዲያ የሰው ነቀርሳ በአይጥ አካል ውስጥ ሲኖር ማየት ተቻለ።

የሚተከለውም ዘር ተዘጋጀ። በ1979 ከአንድ ሕመምተኛ አከርካሪ ላይ ከተወሰደ የፕሮስቴት ነቀርሳ በብርጭቆ ውስጥ የሚራቡ ሕዋሳት ተገኙ፤ ፒ ሲ 3 ተብለውም ተሰየሙ። ዛሬ በዓለም ዙሪያ ባሉት ላቦራቶሪዎች የእነዚህ ሕዋሳት ልጅ ልጆች ይኖራሉ። የቀረው ጥያቄ በምን በር ይግቡ የሚለው ነበር። በጅራት የደም ሥር ሲገቡ አብዛኛዎቹ ሳንባ ውስጥ ይያዛሉ። ስለዚህ አንዳንዶቹ ተመራማሪዎች በማደንዘዣ በተኛችው አይጥ ልብ ግራ ክፍል ውስጥ በቀጭን መርፌ ይሰዷቸዋል፤ ደሙም ወደ መላው አካል፥ ወደ አጥንትም ይዟቸው ይሄዳል። ሌሎቹ ደግሞ በቀጥታ በቅልጥሟ ውስጥ ያስገቧቸዋል። ሁለቱ ዘዴዎች አንድ እንዳይመስሉን። በልብ በኩል የገባው ሕዋስ ጕዞውን በከፊል ይጓዛል። በቅልጥም የገባው ግን ጕዞ የለውም፤ ከመሬቱ ጋር መስማማቱን ብቻ ያስመረምራል። ተመራማሪው የጠየቀውን ጥያቄ በትክክል ካላወቀ የሚሰማው መልስ ያሳስተዋል።

ሌላም ጕድለት አለ። ፒ ሲ 3 በአይጧ አጥንት ላይ ሲያርፍ አጥንቱን ይበላዋል። ከላይ እንዳመለከትነው በሰው ላይ ግን በሽታው ይበልጡን የሚያስገነባ ነው። ስለዚህ ይህ ሕዋስ ተወዳጅ ቢሆንም የአብዛኛዎቹን ሕመምተኞች አጥንት አይመስልም። ተመራማሪዎች ይህን ስላወቁ አጥንት የሚያስገነቡ ሌሎች ሕዋሳትን ከልዩ ልዩ ሕመምተኞች አዘጋጅተዋል።

ከሁሉ ይልቅ የሚያስደንቀው በ1999 በዲትሮይት ከተማ በዌይን ስቴት ዩኒቨርሲቲ የተደረገው ምርመራ ነው። መከላከያ በሌላቸው አይጦች ቆዳ ሥር ትናንሽ የሰው አጥንት ቍራጮች ተተከሉ። አጥንቱ ከአይጧ ደም እየተመገበ ሕያው ሆኖ ቈየ። ቀጥሎም የሰው የፕሮስቴት ነቀርሳ ሕዋሳት በጅራቷ የደም ሥር ተሰደዱ። ሕዋሳቱ የአይጧን አጥንት አልፈው በሰው አጥንት ላይ በቀሉ። ደሙ ወደ ሁለቱም ይደርሳል፤ ምርጫው ግን ወደ አንዱ አደላ። ፓጄት ከ110 ዓመት በፊት ስለ ዘርና ስለ መሬት የተናገሩት በዚህ በሚገባ ተደገፈ። በ2011 ደግሞ የሚሺጋን ዩኒቨርሲቲ ሊቃውንት በአይጥ መቅን ውስጥ ሲመረምሩ፥ ወራሪዎቹ ሕዋሳት ደምን የሚያመነጩት እናት ሕዋሳት በሚኖሩበት ጓዳ ገብተው ከባለቤቶቹ ጋር ስፍራ እንደሚሻሙ አሳዩ። እንግዲህ መንገዱም መሬቱም ሁለቱም ድርሻ አላቸው ማለት ነው።

ሁለት መድኃኒቶች፥ ሁለት ፍርዶች

ዕውቀቱ ወደ ሕመምተኛው አልጋ ሲደርስ ምን ሆነ? በ2013 ሁለት ታላላቅ ምርመራዎች ውጤታቸውን አስታወቁ፤ ታሪካቸውንም ጐን ለጐን ማንበብ ትምህርት ይሰጣል።

አንደኛው አትራሴንታን የተባለው መድኃኒት ነው። ከ1995 ጀምሮ የፕሮስቴት ነቀርሳ ሕዋሳት ኤንዶቴሊን የተባለ ንጥረ ነገር እንደሚያመነጩና እርሱም አጥንት ገንቢዎቹን ሕዋሳት እንደሚያነሣሣ ታውቆ ነበር። በአይጦችም ላይ አጥንት በሚያስገነቡ የጡት ነቀርሳ ሕዋሳት ሲሞከር፥ የኤንዶቴሊንን በር የሚዘጋው መድኃኒት በአጥንት ላይ የሚወጣውን ዕባጭ ቀነሰ። ነገሩ ሁሉ የተስተካከለ ይመስል ነበር። ነገር ግን ወደ 1,000 የሚጠጉ ሕመምተኞች በተካፈሉበት ምርመራ፥ አትራሴንታን ከተለመደው የነቀርሳ መድኃኒት ጋር ተጨምሮ ሲሰጥ የሕመምተኞቹን ዕድሜ አላራዘመም፤ የበሽታውንም መግፋት አላዘገየም።

ሁለተኛው ራዲየም 223 ነው። ራዲየም በጠባዩ ከካልሲየም ጋር ስለሚዛመድ፥ በደም ውስጥ ሲገባ አጥንት በሚገነባበት ስፍራ ሁሉ ይሰበሰባል። የሚያወጣው ጨረር ኃይለኛ ቢሆንም ከአንድ ሚሊ ሜትር አንድ ዐሥረኛ አልፎ አይሄድም፤ ስለዚህ የሚመታው ጎረቤቱን ብቻ ነው። በ2002 የኖርዌይ ሊቃውንት የነቀርሳ ሕዋስ በልባቸው በኩል በገባባቸው አይጠ መጎጦች ላይ ሞከሩት። መድኃኒቱን ያላገኙት ሁሉ ከ20 እስከ 30 ቀን ባለው ጊዜ ውስጥ ሽባ ሆኑ። በቂ መጠን ካገኙት ግን ከሦስት አንድ እጅ የሚበልጡት ምርመራው እስከ ተፈጸመበት እስከ 67ኛው ቀን በሕይወት ቈዩ። በሰው ላይም 921 ወንዶች በተካፈሉበት ምርመራ፥ መድኃኒቱን ካገኙት እኩሌታዎቹ 14.9 ወር ሲቈዩ፥ ካላገኙት እኩሌታዎቹ የቈዩት 11.3 ወር ነበር። በዚያው በ2013 በአሜሪካ ለሕክምና ተፈቀደ።

በሁለቱ መካከል የሚገኝ ሦስተኛም አለ። አጥንት በሊታ የሆኑትን ሕዋሳት የሚገታ ፕሮቲን በ1997 ከተገኘ በኋላ፥ በ2001 በአይጦች ቅልጥም ውስጥ የፕሮስቴት ነቀርሳን እድገት እንደሚከለክል ታየ። በዚያው መንገድ የሚሠራው ዴኖሱማብ የተባለው መድኃኒት 1,904 ወንዶች በተመረመሩበት ጥናት፥ የአጥንት ስብራትና የመሰለው ጕዳት የሚደርስበትን ጊዜ ቀድሞ ከነበረው መድኃኒት ይልቅ ከ17.1 ወር ወደ 20.7 ወር አራቀ። ዕድሜን ግን አላራዘመም። አጥንቱን ጠበቀ እንጂ ነቀርሳውን አላሸነፈም።

አንዱ ተሳክቶ ሌላው የወደቀው ስለ ምንድን ነው? እንደሚመስለን ምክንያቱ እንዲህ ነው። ራዲየም የሚሠራበት ሕግ በአይጠ መጎጥም በሰውም አንድ ነው፤ አጥንት በሚገነባበት ሁሉ ይገባል፥ ከዚያም ይመታል። ኤንዶቴሊን ግን ነቀርሳውና አጥንቱ ከሚነጋገሩባቸው ከብዙ ቋንቋዎች አንዱ ብቻ ነው። በአይጧ ውስጥ አንዱን በር መዝጋት በቂ መስሎ ቢታይም፥ በሰው ውስጥ ሌሎች በሮች ክፍት ነበሩ። ደግሞም አይጧ የጥቂት ወራት ልጅ ናት፤ አጥንቷ ገና ያድጋል፤ መከላከያ ኃይሏም ተወግዷል። ሕመምተኛው ግን የ70 ዓመት ሽማግሌ ነው፤ ለዓመታት ሆርሞን ተከልክሏል፤ አጥንቱም ሳስቷል። ሁለቱ በአንድ ሚዛን ላይ ሲቀመጡ ልዩነቱን አለማሰብ አይገባም።

ዳኛ የአንድ ምስክር ቃል ሰምቶ ብቻ እንደማይፈርድ ሁሉ፥ ሐኪምም በአንድ ዐይነት እንስሳ ቃል ብቻ ሊፈርድ አይገባውም። ምስክሩን «ያየኸው ምንድን ነው? ከየትስ ቆመህ አየኸው?» ብሎ መጠየቅ የዳኛው ፋንታ ነው። አይጥ ያየችውን ትናገራለች፤ ያላየችውን የሚጨምርባት ሰው ነው።

ስለ እንስሳቱ ጭንቀት

የእንስሳቱን ሥቃይ አይተው የሚያዝኑትን ወገኖች ቸል ብለን ማለፍ አንወድም። በዚህ ምርመራ የሚገለገሉባቸው እንስሳት እንደ ሰው የአጥንት ሕመም ይሰማቸዋል። እንግሊዞች በእንስሳ ላይ የሚደረገውን ምርመራ በሕግ መቈጣጠር የጀመሩት በ1876 ነው። በ1959 ደግሞ ራስልና በርች የተባሉ ሁለት እንግሊዛውያን ሦስት መመሪያዎችን አወጡ፤ ያለ እንስሳ ሊታወቅ የሚችለውን ያለ እንስሳ ማወቅ፥ የእንስሳቱን ቍጥር መቀነስ፥ ሥቃያቸውንም ማቅለል። እነዚህ መመሪያዎች ዛሬ በብዙ አገሮች ተቀባይነት አግኝተዋል።

መመሪያዎቹ እንዴት በሥራ ላይ እንደሚውሉ አንድ ምሳሌ እንስጥ። ቀድሞ ዕባጩ የደረሰበትን ለማወቅ በየሳምንቱ ብዙ አይጦች ይገደሉ ነበር። በኋላ ግን አብሪ ትል በሌሊት የምታበራበትን ባሕርይ ወስደው በነቀርሳው ሕዋሳት ውስጥ አኖሩት። አሁን አይጧ በማደንዘዣ ተኝታ በጨለማ ክፍል በካሜራ ስትታይ፥ ሕዋሳቱ ያሉበት ስፍራ ከውስጥ ያበራል። ያችው አንዲት አይጥ ከሳምንት እስከ ሳምንት ትመረመራለች፤ ብዙዎቹም ይተርፋሉ። እግሯ ሽባ እስኪሆንም አይጠበቅም፤ ምልክቱ እንደ ታየ ያለ ሥቃይ እንድታርፍ ይደረጋል። ለእንስሳ መራራት ለዕውቀትም ይረዳል፤ በጭንቀት የተያዘ እንስሳ አይበላም፥ አይተኛም፥ ከእርሱም የሚገኘው መልስ የበሽታው ይሁን የጭንቀቱ ለመለየት ያስቸግራልና።

ለቤተ ሰብ የሚጠቅመው

ይህ ሁሉ ድካም የተደከመው ለሰው ነው፤ ሰው ግን ራሱን ከደበቀ የሚያገኘው ነገር የለም። ዕድሜያቸው ከ50 ያለፈ አባቶች ሽንት ሲዘገይባቸው፥ ደም ሲቀላቀልበት፥ ወይም በሌሊት ደጋግሞ ሲያስነሣቸው ለልጆቻቸው መንገር ያፍራሉ። ልጆችም መጠየቅ ያፍራሉ። ወገባቸውን ሲያማቸው «ብርድ ነው» ይባልና ወራት ያልፋሉ። በዕረፍት የማይቀል፥ ሌሊት የሚብስ የወገብ ወይም የዳሌ ሕመም የተሰማው ሽማግሌ ሐኪም ሊያየው ይገባል። እንደዚህ ያለውን ሕመም ሳይመረመር ወጌሻ ዘንድ ወስዶ ማሳሸትና ማስጐተት እጅግ አደገኛ ነው፤ ውስጡ የተጐዳ አጥንት በጥቂት ግፊት ይሰበራልና። እግር ሲዝል ወይም ሲደነዝዝ፥ ሽንትም ድንገት ሲያስቸግር፥ ያው ቀን ሳያልፍ ወደ ሆስፒታል መሄድ ያስፈልጋል። ኅብለ ሰረሰር ሲጫን እግርን የሚያተርፈው ቶሎ መድረስ ነው።

አባቱ ወይም ወንድሙ ይህ በሽታ የያዘው ሰው ከሌላው ይልቅ ተጠንቅቆ ቀደም ብሎ ከሐኪም ጋር ይመካከር። ፒ ኤስ ኤ የሚባል የደም ምርመራም አለ፤ ውጤቱ ከፍ ቢል ግን ነቀርሳ ነው ብሎ መደንገጥ አይገባም፤ ዕጢው ያለ ነቀርሳ ሲተልቅ ወይም ሲቈጣም ከፍ ይላልና ትርጕሙን የሚሰጠው ሐኪሙ ነው።

«በሽታውን የሸሸገ መድኃኒት የለውም» ይላሉ አባቶቻችን። ውሻና አይጥ ሳይወዱ የሰጡትን ምስክርነት ሊቃውንቱ በብዙ ድካም ሰብስበዋል። የቀረው ምስክር ሕመምተኛው ራሱ ነው። እናቶች፥ ወንዶችና ሴቶች ልጆች፥ አባታችሁን ዛሬ ማታ ከራት በኋላ ቀስ ብላችሁ «አባባ፥ ወገብዎን እንዴት ነው?» ብላችሁ ብትጠይቁ ነውር የለበትም።